ዳኛው ለስመ ጥር ተጫዋች ያደላልን?



በዚህ እትም የምንማማርበት ርእስ ከሜዳ የተገኘ ነው። ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጉደርና ጌዶ ባለው መንገድ ዳር የሚገኝ መስክ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚያንከባልል ወጣት አያጣም። ግቡ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ሁለት ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ኳሱም አንዳንዴ ከጨርቅ የተሠራ ነው። ሆኖም የትኛውም ሜዳ ብንሄድ አንድ ክርክር አይጠፋም፤ ይኸውም «ዳኛው ለእገሌ ያደላል» የሚለው ነው። ይህ አባባል እውነት ነውን? ወይስ የተሸነፈ ሰው ምክንያት ነው? መልሱን ከመስጠታችን በፊት ጉዳዩን ረጋ ብለን እንመርምረው።

በቅድሚያ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄው የተነሣብኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ቀን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት በአምቦ ከተማ በሠፈር ወጣቶች መካከል በተደረገ ግጥሚያ ፊሽካ ተሰጥቶኝ የመሐል ዳኛ ሆኜ ነበር። ከሁለቱ ቡድኖች በአንደኛው ውስጥ አሥር ቁጥር ለብሶ የሚጫወት አንድ ወጣት ነበር። ሕዝቡ የሚመጣው እርሱን ለማየት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሌላው ቡድን በኩል እርሱን እንዲጠብቅ የታዘዘው ደግሞ ገና ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ፣ ጫማው በክር የተሰፋ፣ ከጓደኞቹ በቀር ስሙን የሚያውቅ የሌለ ልጅ ነበር።

በመጀመሪያው አጋማሽ ልጁ አሥር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጠለፈው፤ በሁለተኛው ላይ ቢጫ ካርድ አሳየሁት። ይህ ትክክል ነበር። ከዕረፍት በኋላ ግን አሥር ቁጥሩ ኳስ ሲነጠቅ ተናደደና ልጁን ከኋላ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መታው። ከተመልካቹ ገሚሱ ሳቀ። እኔም ወደ አሥር ቁጥሩ ሄጄ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «ተው እንጂ» ብዬው አለፍሁ፤ ካርድ አላወጣሁም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያው ልጅ አሥር ቁጥሩን በትንሹ ነካ ሲያደርገው ዝነኛው መሬት ላይ ተንከባለለ። ሕዝቡ ጮኸ። እኔም ሳላስብ ሁለተኛውን ቢጫ፣ አስከትዬም ቀዩን አወጣሁ።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ልጁ ጫማውን በእጁ እንደ ያዘ መጣና «ጋሼ፣ እርሱ ያደረገውን እኔ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ዝም ይሉኝ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በተከታዮቹ ሁለት ቅዳሜዎች ልጁ ወደ ሜዳ አልመጣም።

1. ጥያቄውን ለይቶ ማስቀመጥ

«ዳኛ ስመ ጥር ተጫዋችን ይጠብቃል» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እንደባልቃለን። አንደኛው ሕግ ለአደጋ የተጋለጠውን ሰው መጠበቁ ነው። ሁለተኛው ዳኛ ፊት አይቶ፣ ስም ሰምቶ መፍረዱ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ፍትሕ ሲሆን ሌላው አድልዎ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ለአንድ ተጫዋች ብዙ ፊሽካ ስለተነፋለት ብቻ ዳኛው አደላ ማለት አይቻልም። ኳስ ይዞ ሰው እያለፈ የሚሄድ ተጫዋች ኳስ ከማይነካው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠለፋል። ቀኑን ሙሉ ከአምቦ ጉደር የሚመላለስ ባጃጅ ግቢ ውስጥ ከቆመው ባጃጅ ይልቅ በትራፊክ ፖሊስ ፊት ብዙ ጊዜ ማለፉ የማይቀር ነው፤ ይህም ያው ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መመዘኛ የፊሽካው ብዛት አይደለም። ትክክለኛው መመዘኛ «አንድ ዓይነት ጥፋት ሁለት ዓይነት ፍርድ አግኝቷልን?» የሚለው ነው። ያ ልጅ የጠየቀኝም ይህንኑ ነበር።

2. ከአሜሪካ ጨዋታ የምንማረው

ይህ ክርክር ከሁሉ በላይ የሚጦፈው በአሜሪካ ነው። አሜሪካውያን ፉትቦል ብለው የሚጠሩት ጨዋታ እንደ እኛ እግር ኳስ አይደለም፤ ሞላላ ኳስ በእጅ እየያዙና እየወረወሩ፣ እየተጋፉና እየተጣጣሉ የሚጫወቱት ነው። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ኳርተርባክ የሚባል ተጫዋች አለ። ኳሱን ከመሐል የሚቀበለው፣ ጓደኞቹ ሲሮጡ አይቶ ወደ ፊት የሚወረውርላቸው እርሱ ነው። ስለዚህም የቡድኑ ዓይንና አንደበት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሰው ኳስ በሚወረውርበት ቅጽበት ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ሩቅ ጥሎ፣ እግሩን ተክሎ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ራሱን መከላከል አይችልም። በዚህ ምክንያት ሕጉ ለእርሱ የተለየ ጥበቃ አድርጎለታል። ኳሱን ከለቀቀ በኋላ ዘግይቶ የመታው፣ ራሱን ወይም ጉልበቱን የመታው ተከላካይ ቡድኑን ያስቀጣል፤ ቅጣቱም 15 ያርድ፣ ማለትም ወደ 14 ሜትር ያህል ወደ ኋላ መመለስ ሲሆን ለተቃራኒው ቡድን አዲስ የማጥቃት ዕድል ይሰጠዋል።

ሕጉ እንዴት እየጠበቀ እንደ መጣ ማየት ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ካርሰን ፓልመር የተባለው የሲንሲናቲ ኳርተርባክ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ጉልበቱን ተመትቶ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ተከላካዮች የወርዋሪውን ጉልበት ከመምታት እንዲጠነቀቁ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በመስከረም 2008 ደግሞ ከሁሉ የገነነው ቶም ብሬዲ በዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ መሬት ላይ በወደቀ ተከላካይ ግራ ጉልበቱን ተመታና ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት በ2009 የወደቀ ተከላካይ ወደ ወርዋሪው እግር እንዳይወረወር ሕጉ ተብራራ። ሕዝቡም ይህን ሕግ «የብሬዲ ሕግ» እያለ ይጠራው ጀመር።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሕጉን የቀሰቀሰው የዝነኛው ሰው ጉዳት ነው። የማይታወቅ ተጫዋች ተጎድቶ ቢሆን ይህን ያህል ጩኸት ባልተሰማ ነበር። ነገር ግን ሕጉ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ብሬዲን ብቻ አልጠበቀም፤ ትናንት የተቀጠረውን፣ ስሙ ያልታወቀውን ኳርተርባክም ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ አድልዎ የለም።

ችግሩ የሚነሣው ሕጉን የሚተረጉመው ሰው መሆኑ ላይ ነው። ካም ኒውተን የተባለው የካሮላይና ኳርተርባክ እ.ኤ.አ. የ2015 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጦ ነበር። በ2016 የመክፈቻ ጨዋታ ላይ ግን በዴንቨር ከተማ ራሱ ላይ ተደጋጋሚ ምት ደረሰበት፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻም «ዳኞች እንደ ሌሎቹ አይጠብቁኝም፣ በሜዳ ላይ ለደኅንነቴ እሰጋለሁ» ሲል በግልጽ አቤቱታ አሰማ። ኒውተን እጅግ ግዙፍና ጠንካራ፣ ኳስ ይዞ መሮጥ የሚወድ ሰው ነው። ብዙዎች ዳኞቹ «ይህ ግዙፍ ነው፣ ይችለዋል» ብለው ያስባሉ ሲሉ ተከራከሩ። በሌላ በኩል በጥር 2025 የካንሳስ ሲቲው ፓትሪክ ማሆምስ ከሂዩስተን ጋር ሲጫወት ለእርሱ የተነፉ ሁለት ፊሽካዎች ብዙ ሰው አስቆጡ፤ የቀድሞው ኳርተርባክ ትሮይ ኤክማን እንኳ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሆኖ ተቃውሞውን ገለጸ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድር ነው? ዝና ሁልጊዜ አይጠቅምም። ኒውተንም ማሆምስም ዝነኞች ናቸው። ነገር ግን ዳኛ በአእምሮው ውስጥ የተሳለውን ሥዕል አይቶ ከፈረደ አንዱን ይጠቅማል፣ ሌላውን ይጎዳል። ክፋቱ ያለው ለማን እንደ ጠቀመ ላይ ሳይሆን ከድርጊቱ ይልቅ ሰውየው መታየቱ ላይ ነው።

3. የእግር ኳስ ታሪክና የእኛ ዳኛ

ወደ ራሳችን እግር ኳስ እንመለስ። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) በእንግሊዝ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፔሌን የጠበቀው ዳኛ አልነበረም። በመጀመሪያው ጨዋታ ቡልጋሪያዎች ደጋግመው መቱት፤ በሚቀጥለው ከሀንጋሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሊሰለፍ አልቻለም። በሦስተኛው ጨዋታ የፖርቱጋል ተከላካይ በአንድ ሩጫ ሁለት ጊዜ ጠለፈው፤ ተከላካዩ ግን ከሜዳ አልወጣም። በዚያ ዘመን ተቀያሪ ተጫዋች ማስገባት ስላልተፈቀደ ፔሌ እያነከሰ ጨዋታውን ጨረሰ፤ ብራዚልም ተሸንፋ ተመለሰች። የዓለም ታላቁ ተጫዋች ከእንግዲህ በዓለም ዋንጫ አልጫወትም እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

በዚያው ውድድር እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ የአርጀንቲናው አምበል ራቲን ከሜዳ እንዲወጣ ቢታዘዝም፣ ከዳኛው ጋር ቋንቋ ለቋንቋ ስላልተግባቡ ብዙ ትርምስ ተፈጠረ። የዳኞች ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከዚያ በኋላ መኪናውን እየነዳ ሲሄድ የትራፊክ መብራት አየና «ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ቁም» የሚለውን ለሜዳ ማዋል እንደሚቻል አሰበ። ቢጫና ቀይ ካርድ የተወለዱት እንዲህ ነው። ካርዶቹ በዓለም ዋንጫ መጀመሪያ የታዩት በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) በሜክሲኮ ነበር። በዚያ ውድድር አንድም ቀይ ካርድ አልወጣም፤ ተቀያሪም ተፈቀደ፤ ፔሌም ተመልሶ ዋንጫውን አነሣ።

በዚያ የሜክሲኮ ውድድር ላይ ከተሰለፉት ዳኞች መካከል አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? አቶ ሥዩም ታረቀኝ ግንቦት 30 ቀን 1962 ዓ.ም. በቶሉካ ከተማ ስዊድንና እስራኤል 1 ለ 1 የተለያዩበትን ጨዋታ በመሐል ዳኝነት መርተዋል። ካርድ በዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት የአገራችን ሰው ፊሽካውን ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ከዚያም በኋላ በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ከተመረጡት ስድስት የመሐል ዳኞች አንዱ ባምላክ ተሰማ ነበር። ሊድያ ታፈሰም እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳና በ2019 በፈረንሣይ ለተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ተመርጣለች። ስለዚህ ዳኝነት ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም።

ካርድ መጣ ማለት ግን ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ማለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ የኢጣልያው ጀንቲሌ ማራዶናን 23 ጊዜ ጥፋት እንደ ሠራበት ይቆጠራል፤ ያገኘው ግን አንድ ቢጫ ካርድ ብቻ ነበር። የሆላንዱ ማርኮ ቫን ባስተን ቁርጭምጭሚቱ ከተደጋጋሚ ጉዳትና ቀዶ ሕክምና ማገገም አቅቶት የመጨረሻ ጨዋታውን በ28 ዓመቱ አደረገ። በ1998 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ግን ተጋጣሚን አደጋ ላይ የሚጥል የኋላ ጠለፋ በቀይ ካርድ እንዲያስቀጣ ታዘዘ። እንደ አሜሪካው ሁሉ፣ እዚህም በዝነኞች እግር ላይ የደረሰው ጉዳት ለስም የለሹም እግር ጥበቃ አስገኘ።

እንግዲህ ታሪክ የሚያስተምረን በጥድፊያ እንደምናስበው አይደለም። ዝነኛ ሰው ብዙ ጊዜ የተጠበቀ ሳይሆን የታደነ ነበር።

4. ታዲያ ዳኛ ለምን ያደላል?

ይህ ሲባል ዳኛ ፈጽሞ አያደላም ማለት አይደለም። ዳኛም ሰው ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሸንፈው ገንዘብ ወይም ዘመድ ሳይሆን ድምፅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ 40 የሠለጠኑ ዳኞችን ሰብስበው ከአንድ ጨዋታ የተወሰዱ 47 ግጭቶችን በቴሌቪዥን አሳዩአቸው። ገሚሶቹ የሕዝቡን ጩኸት እየሰሙ አዩ፤ ገሚሶቹ ድምፁ ተዘግቶ አዩ። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ነው። ጩኸቱን የሰሙት ግን በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት ካልሰሙት በ15.5 ከመቶ ያነሰ ሆነ። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በስፔን ሊግ ባለሜዳው ቡድን በአንድ ግብ ሲመራ ዳኞች የሚጨምሩት ደቂቃ እንደሚያጥር፣ በአንድ ግብ ሲመራበት ግን እንደሚረዝም አረጋገጠ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨዋታዎች ያለ ተመልካች ሲካሄዱም በእንግዳ ቡድኖች ላይ ይበዛ የነበረው የቢጫ ካርድ ልዩነት መጥበቡን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል።

እነዚህ ዳኞች ጉቦ የበሉ አልነበሩም። ክፉዎችም አልነበሩም። ጩኸቱ ሳይታወቃቸው በዓይናቸው ፈንታ አየላቸው። ዝነኛ ተጫዋች ደግሞ ጩኸትን ይዞ የሚዞር ሰው ነው። እርሱ ሲወድቅ ሺህ ሰው ይጮኻል፤ ያ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሲወድቅ የሚጮኸው እናቱ ብትኖር እናቱ ብቻ ናት። እኔም በዚያ ቀን ያዳላሁት አሥር ቁጥሩን ስለምወደው አልነበረም። ሕዝቡ ሲስቅ ሳቅሁ፣ ሕዝቡ ሲጮኽ ነፋሁ። የበደሌ ሥር ይህ ነበር።

ለዚህ መድኃኒቱ ሁለተኛ እይታ ነው። በ2018 የዓለም ዋንጫ ብራዚል ከኮስታሪካ ስትጫወት ኔይማር በግብ ክልል ውስጥ ወደቀ፤ ሆላንዳዊው ዳኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ከዚያም የቪዲዮውን ምስል ሄዶ ተመለከተና ውሳኔውን ሻረ። ዝናው ያው ነው፤ ሜዳው ያው ነው፤ የተለወጠው ዳኛው ጩኸቱ ጋብ ሲል ድርጊቱን ብቻ ማየቱ ነው። እኛ ዘንድ በሠፈር ሜዳ ቪዲዮ የለም። ረጋ ማለት ግን አለ፤ የመስመር ዳኛውን ጠርቶ መጠየቅም አለ።

5. በአገራችን የነበረና የሆነ

አባቶቻችን ይህን ነገር አላሰቡበትም ማለት ስሕተት ነው። የገናን ጨዋታ እንውሰድ። በገና ቀን ሁለት ወገን ሆነው በቆልማማ ዱላ ሩሯን ሲያሳድዱ ጌታና ሎሌው፣ ባለጸጋና ድኻው በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታው ጌታው መቆጣት አይፈቀድለትም ነበር። ማዕርጉን ከሜዳው ውጭ ትቶት ይገባል። ይህ ልማድ ለታላቁ ሰው የተለየ ጥበቃ አይሰጥም፤ እንዲያውም ጥበቃውን ያነሣበታል። ዓመቱን ሙሉ የማይገኘው እኩልነት በዚያች ቀን በሜዳው ላይ ይገኛል።

ከቅርቡም ታሪክ አንድ እንጥቀስ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ሲጫወት ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀንም በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ፤ ሕዝቡም «አለፍን» ብሎ በየመንገዱ ጨፈረ፤ አምቦም አልቀረች። በዚያው ቀን ግን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፍ አይገባውም ነበር። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። የቦትስዋናው ውጤት 3 ለ 0 ሽንፈት ሆኖ ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብም ጠፋ።

በዚያ ሰሞን ያላዘነ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ነገር ግን ማንም ቅን ሰው «ደስ ብሎን ስለነበረ ሕጉ ይለፈን» ብሎ ሊከራከር አይችልም ነበር። ካርድ ሲቆጠር የተጫዋቹ ችሎታም፣ የሕዝቡ ደስታም አይቆጠርም። ቡድኑም ተስፋ ሳይቆርጥ ጳጉሜ 2 ቀን በብራዛቪል መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ የምድቡ አንደኛ በመሆን ወደ መጨረሻው ማጣሪያ አለፈ። በናይጄሪያ ተሸንፎ ቢቀርም እስከዚያ የደረሰው በሕጉ ውስጥ ሆኖ ስለነበረ ማንም የሚነቅፈው አልነበረም።

6. «ግን እኮ ሰው የሚመጣው እርሱን ለማየት ነው»

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አቀረቡ። «ጥሩ ተጫዋች ከተሰበረ ጨዋታው ይሞታል፤ ስለዚህ ዳኛ ቢጠብቀው ምን ጥፋት አለው?» አሉ። ይህን በቀላሉ መናቅ አይገባም። ችሎታ የሌለው ሰው ችሎታ ያለውን በእርግጫ እንዲያሸንፍ የሚፈቅድ ሜዳ የበደል ሜዳ ነው። የፔሌ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

መልሴ ግን ይህ ነው። ተጫዋቹን ጠብቁት፤ ነገር ግን በሕጉ ጠብቁት። ከኋላ መጥለፍ በማንም ላይ ቢደረግ ከተቀጣ አሥር ቁጥሩ ራሱ ይጠበቃል። ሕጉ ለሁሉ ከጠበቀ ለእርሱ ሌላ ጨምሮ መስጠት አያስፈልግም። ከዚህ አልፎ ለእርሱ ብቻ ከተጨመረለት ግን ሦስት ሰዎች ይጎዳሉ። በመጀመሪያ ተበዳዩ፣ ይኸውም እግሩ እንደማንም እግር የሚሰበረው ልጅ ነው። ሁለተኛ ዝነኛው ራሱ፤ በመውደቅ ፊሽካ ማግኘትን ይለምድና መጫወትን ይረሳል፤ አንድ ቀንም በእውነት ሲጠለፍ የሚያምነው አይገኝም። ሦስተኛ ዳኛው፤ ቃሉ ዋጋ ያጣል። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባላል። ሰው የሚናገረው ዳኛ አለ ብሎ ሲያምን ነው። ዳኛ የለም ብሎ ያመነ ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በእጁ ይፈርዳል። ያ ልጅ ዝም አለ፤ ከሜዳም ቀረ።

7. እኛ ምን እናድርግ?

ልጁ በሦስተኛውም ቅዳሜ ሲቀር ወደ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ ለምን እንደ መጣሁ አላወቁም ነበር። በፊታቸው «ልጅዎን በድዬዋለሁ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው» አልኋቸው። ልጁ አቀርቅሮ ሰማኝ። ትንሽ ቆይቶም «ካርዱ አይደለም ያናደደኝ፤ ትከሻውን መታ መታ ያደረጉት ነው» አለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ትንሽ ነገር ብዬ ያለፍሁትን እርሱ ከቀይ ካርዱ አብልጦ ቆጥሮት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ፤ አሁንም ይጫወታል።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ሜዳ የምንከተላቸው ጥቂት ልማዶች አሉ፤ ለጊንጪም፣ ለጉደርም፣ ለባኮም ወጣቶች ይጠቅሙ ይሆናልና እነሆ።

ሀ. ከጨዋታው በፊት ዳኛው ሁለቱን ቡድን በአንድነት ሰብስቦ የትኛው ጥፋት ምን እንደሚያስቀጣ ይናገራል። አስቀድሞ የተነገረ ሕግ ሲፈረድ አያስደነግጥም።

ለ. ጥፋት በማስታወሻ ደብተር ሲመዘገብ በቁጥርና በድርጊት ብቻ ይመዘገባል፤ «5 ቁጥር፣ ከኋላ ጠለፈ» ተብሎ። ስም አይጻፍም።

ሐ. ዳኛው ካርድ ከማውጣቱ በፊት በልቡ «ማልያቸው ቢለዋወጥ ይህንኑ እፈርድ ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አይ» ከሆነ እጁን ከኪሱ ያወጣል።

መ. ሕዝቡ በጮኸ ጊዜ ዳኛው ፊሽካውን ከነፋ በኋላ ትንፋሽ ወስዶ፣ የመስመር ዳኛውን አይቶ ይወስናል።

ሠ. ዳኛ የተሳሳተ እንደ ሆነ ከጨዋታው በኋላ ይቅርታ ይጠይቃል። ውጤቱ አይለወጥም፤ ሰው ግን ይመለሳል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ሕግ ለተጋለጠው ሰው ጥበቃ ማድረጉ አድልዎ አይደለም፤ ኳርተርባኩንም ፔሌንም የጠበቀው ይህ ነው። ዳኛ ግን ሳያስበው ለዝና ሊያደላ ይችላል፤ የሚያደላውም ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከጩኸት የተነሣ ነው። ይህ ደግሞ በሜዳ ላይ ብቻ አይቀርም። በክፍል ውስጥ ጎበዙ ተማሪ ሲያረፍድ የሚታለፍ፣ ሰነፉ ሲያረፍድ የሚባረር አይደለምን? በቤታችን የበኩሩ ጥፋት የሚሸፈን፣ የታናሹ የሚገለጥ አይደለምን? ዛሬ ፊሽካ የያዘ ወጣት ነገ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ ወላጅ ይሆናል። ሁላችንም በየፊናችን ፊሽካ እንይዛለን። ያን ጊዜ ከፊታችን ቆሞ «እኔ ብሆን ኖሮስ?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው አይጠፋም። መልስ እንዲኖረን ከአሁኑ እንለማመድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሕግ ለተጋለጠ ሰው በሚሰጠው ጥበቃና ዳኛ ለዝነኛ ሰው በሚያደርገው አድልዎ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ከራሳችሁ ሜዳ አንድ አንድ ምሳሌ ስጡ።

2. ለአንድ ተጫዋች ብዙ ፊሽካ መነፋቱ ብቻውን የአድልዎ ማስረጃ የማይሆነው ለምንድር ነው?

3. በገና ጨዋታ ታላቅ ሰው እንዳይቆጣ መከልከሉ ምን ያስተምራል? ዛሬ በየትኛው ሥራ ላይ ልናውለው እንችላለን?

4. በ2005 ዓ.ም. በብሔራዊ ቡድናችን ላይ የተሰጠው ውሳኔ ትክክል ነበር ትላላችሁን? ምክንያታችሁን አስረዱ።

5. ልጁ ከቀይ ካርዱ ይልቅ ትከሻ መታ መታ መደረጉ ያስቆጣው ለምን ይመስላችኋል?